የግራው የስማቸው፣ የቀኙ የደረጄ

የሰማችሁ ላልሰሙት ንገሩ፤ ሩቅ ያላችሁም ቅረቡና አድምጡ፦ በደብረ ታቦር ከተማ የዓይናለም መኪና ወደ ግራ መሳብ ጀመረች።

ነገሩ ይኸው ነው። ሌላ አገር መኪና ወደ አንድ ወገን ሳበች ተብሎ ቄስ አይጠራም። እኛ ዘንድ ግን ቄሱ የተጠሩት መኪናዋ ከመሳቧ በፊት ነው፤ መሳብ የጀመረችው እሳቸው መጥተው ነገሩን ካስተካከሉት በኋላ ነው።

ዓይናለም ኩዌት አልጋ የያዘች አሮጊት ስታገላብጥ ወጣትነቷን ጨርሳ የተመለሰች ልጅ ናት። ስትመለስ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ወፍጮ ትከል፣ ሻይ ቤት ትክፈት እያለ መከራት። እሷ ምክሩን አመስግና መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ዲኤክስም ገዛች። ዲኤክሷ ደግሞ እንደ ሌላው ዲኤክስ አይደለችም። ባሕር ዳር የነበረ አንድ ጎረምሳ ሞላዋን ቆርጦ ደረቷን መሬት አስልሷታል፤ ከትልቅ መኪና የወጣ ሞተር ከቶባታል፤ ሰፋፊ ጎማ አልብሷታል፤ የፊት ጎማዎቿ የሚታሰሩበትን ቀዳዳ ሁሉ በሞረድ አስፍቶ ጎማው ወደ ፈለጉት ወገን እንዲያጋድል አድርጎታል። ልጁ በእሷ አስፋልት ላይ እየተሽከረከረ ጭስ ያወጣ ነበር። የሚገፋት የኋላ ጎማዋ ስለሆነ፣ ነዳጅ ሲረግጡባት ጅራቷን እንደ በረገገች ጊደር ታወናጭፋለች።

ዓይናለም ግን የፈለገቻት ለሙሽራ ነው። ቀይ ናት፤ ስትቆም ታምራለች። ሙሽራ ደግሞ ከመሄድ ይልቅ መቆም ያበዛል፤ ፎቶ አለ።

የመጀመሪያዋ ሙሽራ የአክስቷ ልጅ መክሊት ነበረች። መክሊት ጉና ሥር፣ ከክምር ድንጋይ ከተማ ወዲያ ካለው የገብስ አገር፣ ወደ ደብረ ታቦር ልትዳር ነው። ቁልቁለቱን የምታወርዳት ዓይናለም ናት። በደህና ካወረደቻት የጥር ሙሽራ ሁሉ ደጇ ላይ ይቆማል። «እንቢ፣ አልነዳም» ካለች፣ «ድሮስ ሴት» የሚለው አፍ ከወዲሁ ተከፍቶ እየጠበቃት ነው። ነድታ በደህና ካላወረደቻት የሚሆነውን ግን ማንም ጮክ ብሎ አላሰበውም።

እንግዲህ ለዚህ ቀን ብላ የፊት ጎማዎቿን ልታስለካ ወደ ጋሽ ስማቸው ጋራዥ ሄደች። ጋሽ ስማቸው ከኋላ ጎማ እስከ ፊት ጎማ ሲባጎ ወጥረው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚለኩት። ከተገለጠው ዓይን ይልቅ የተጨፈነው ያያል ይባላል። የሚሉት እሳቸው ናቸው።

«ጎማ ምሰሶ ነው» አሉ ጋሽ ስማቸው። «ቀጥ ብሎ ይቁም። አፍንጫው ብቻ የክብሪት እንጨት ያህል ወደ ውስጥ ይግባ። ከኋላ የምትገፋ መኪና ስትሮጥ ፊቷ እየተከፈተ ይሄዳል፤ ከወዲሁ ገባ ካላደረግነው መንገዱን ትታ ስትቅበዘበዝ ትውላለች።»

ከመንገዱ ማዶ ደረጄ አለ። ደረጄ ኮምፒዩተር ያለው አዲስ የጎማ መለኪያ ማሽን አስመጥቷል። ማሽኑ የሚያውቀው መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችበትን ቁጥር ነው፤ ጎረምሳው በሞረድ የጨመረበትን አያውቅም። ስለዚህ ዓይናለም እሱንም ልጠይቅ ብላ ስታስገባት ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ደረጄ ማሽኑን አጠፋና ከራሱ አሰበ።

«ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ያጋድል» አለ። «ዝቅ ያለች መኪና ናት። ኩርባ ላይ ስትዘም ጎማው መሬቱን ሙሉ ለሙሉ የሚይዘው ያኔ ነው። ደግሞ ከሥር ትንሽ ወደ ፊት እንገፋዋለን፤ መሪው ዞሮ ሲለቁት ራሱ ቦታው ይመለሳል።»

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ መኪና በአንዱም በሌላውም አኳኋን ሄዷል። ችግሩ ጋሽ ስማቸው መንገዱን ተሻግረው መምጣታቸው ነው።

«ወልጋዳ አድርገህ ልትሰጣት ነው?» አሉት። «ሙሽራ ልትጭንባት ነው እኮ፣ ቃሬዛ መሰለህ?»

«ጋሼ፣ ሲባጎ የጭድ ማሰሪያ ነው» አለ ደረጄ፣ ራሱን ከኮፋኖው ሥር ሳያወጣ።

«ማሽንህ ቀልታ አይደል እንዴ? አፍራ ነው!»

«እሷ እንኳ ታፍራለች!» አለ ደረጄ።

ይህ ቃል ለሽማግሌ ተነገረ። ባጃጅ ሊያስጠግን የመጣ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰዎች ሰላምታ አቆሙ፤ የዓይናለም መኪናም ከሁለቱም ደጅ ሳትሆን፣ የፊት ጎማዎቿ እንደተፈቱ፣ በክሪክ ላይ ቆመች።

ሁለቱም የገብርኤል ማኅበራችን ማኅበርተኞች ናቸው። በኛ ማኅበር ሁለት ሰው ተኳርፎ ከተቀመጠ ጽዋ አይነሣም። ታኅሣሥ ገብርኤል ደርሶ፣ ተረኛው ደግሶ፣ ጠላው ተጣርቶ፣ ዳቦው እንደ ድንኳን ተሸፍኖ መሃል ላይ ተቀመጠ፤ እኛም ዙሪያውን ተቀመጥን። ጋሽ ስማቸው በበሩ በስተቀኝ፣ ደረጄ በስተግራ። እርቅ ደም ያደርቅ ይላሉ። ያን ቀን ግን ደም አልነበረም፤ የሚደርቀው የኛ ጉሮሮ ነበር።

የንስሐ አባታችን አባ አለሙ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከጎናቸው ከጋፋት የመጡት ጋሽ ጥላዬ አሉ፤ በሬ በማቀናጀት የታወቁ ገበሬ ናቸው። ዓይናለም የነገሩ ባለቤት ናትና ተጠርታ በሩ ላይ ቆማለች።

«የጠባችሁ መነሻ ምንድን ነው?» አሉ አባ አለሙ።

«ጎማ ነው፣ አባ» አሉ ጋሽ ስማቸው።

«ስንት ጎማ?»

«ሁለት። የፊቶቹ።»

አባ አለሙ ጢማቸውን ዳበሱ። «ተከራካሪውም ሁለት» አሉ በቀስታ።

ጋሽ ጥላዬ ወዲያው ገባቸው። «እግዜር አስቀድሞ ሲያደላድለው እዩማ!» አሉ።

እንዲህ ተፈረደ፦ የግራው ጎማ በዕድሜ ታላቅ ስለሆኑ የጋሽ ስማቸው ይሁን፤ የቀኙ የደረጄ ይሁን። እያንዳንዱ በየጎማው እንደ ልኩ ያድርግ፤ በሌላው ጎማ አይግባ። ማንም አልተረታ፣ ማንም አልረታ። እኛ «ይበል፣ ይበል» አልን። ጠላው እንኳ አረፋው የሳቀ መሰለኝ።

ዓይናለም ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባች።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። የጋሼ ስማቸውም ይሁን፣ የደረጄም ይሁን፣ እኔ ግድ የለኝም። ሁለቱ ጎማ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።»

«መኪና እኮ አራት እግር አላት፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ጥላዬ በርኅራኄ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ አንቱ አንዱን በሬ አጥብቀው፣ አንዱን አላልተው ጠምደው ያርሳሉ?»

ጋሽ ጥላዬ ጥያቄውን ከልባቸው አሰቡበት። «አላርስም» አሉ። «ግን የኔ በሬዎች ማኅበርተኞች አይደሉም።»

አባ አለሙ ተነሡ። ጋሽ ስማቸውና ደረጄ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ደረጄ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ሳመ፤ ጋሽ ስማቸው ቀና አደረጉት። አባ አለሙም መስቀሉን ከፍ አድርገው፣ «ከእንግዲህ ይህን ነገር ያነሣ፣ የተሰጠውንም የነካ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ገዝቻለሁ» አሉ። አሜን አልን። ዓይናለምም አሜን አለች፤ ምን ትበል። ጽዋው ተነሣ።

በማግሥቱ ሁለቱ ባለሙያዎች በአንዲት መኪና ግራና ቀኝ ተንበረከኩ። እንደዚያን ቀን ያለ ጨዋነት በጋራዥ ታይቶ አይታወቅም። «ይቺን የብሎን ኪያቤ ያቀብሉኝ፣ ጋሼ።» «እንካ ልጄ፣ ይባረክ እጅህ።» የግራው ጎማ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የቀኙ ከላይ ወደ ውስጥ አጋደለ። ፊት ለፊት ቆሞ ላያት መኪናዋ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትሰማ ትመስላለች።

ዓይናለም አስነሥታ ወደ መናኸሪያው መንገድ ወጣች። መሪውን ለቀቅ ስታደርገው መኪናዋ የራሷ ጉዳይ እንዳላት ወደ ግራ አቀናች። እኛ አገር ከፊት የሚመጣው መኪና በግራ በኩል ነው።

እንግዲህ ሙከራ ተባለና ማኅበርተኛው ተራ በተራ ተሳፈረ። አባ አለሙ ተቀምጠው አንድ ዙር ሄዱና፣ «ምንም አልተሰማኝም» አሉ። ዓይናለም በሁለት እጇ መሪውን ወደ ቀኝ ጎትታ ይዛ ነበር። ጋሽ ጥላዬ በተራቸው መሪውን አተኩረው አዩት፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ እንድትሄድ መሪው ተጣሞ መያዝ ነበረበት።

«የተጣመመውስ መሪው ነው» አሉ ሲወርዱ። «መኪናዋ ቀጥ ብላለች።»

እኔም ተሳፍሬያለሁ። ወንበሩ ምቹ መሆኑን ተናገርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትስባለች» የሚለው ቃል ከከተማው ጠፋ። የሰው ባጃጅ እንኳ ቢስብ፣ ባለቤቱ ዙሪያውን አይቶ፣ «ትንሽ ታዘነብላለች» ይላል። ዓይናለም ብቻ ጠዋት ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል እየወጣች ትለማመዳለች። አንድ ቀን ከገበያው በታች ከፊቷ የጭነት መኪና መጣ። በቀስታ ፍሬን ያዘች። ፍሬን ስትይዝ ይብሳል፤ መኪናዋ እንደተጠራች ሁሉ ወደ ጭነት መኪናው ዘለለች። እንዴት እንደመለሰቻት አታውቅም። ሹፌሩ በመስኮቱ ራሱን አውጥቶ፣ «እቴ፣ ልትስሚኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀና ሄደ። እሷ መንገድ ዳር አቁማ፣ አንድ የሰፈር ሰው መጥቶ እስኪያናግራት ተቀመጠች። ሌላ ነገር አላሰበችም፤ መክሊትን ነው ያሰበች። ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው መክሊት ናት።

ጋሽ ስማቸው ዘንድ ሄደች።

«ጋሼ፣ ነፍስ ነው የምጭነው። ቀኙንም እንደ ግራው ያድርጉልኝ።»

ጋሽ ስማቸው ሲባጓቸውን ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ። «የኔ ጎማ እንዴት ነው?»

«የርስዎማ ደህና ነው።»

«እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን ፈለግሽ? ግዝት ነው፣ ልጄ።»

ደረጄ ዘንድ ተሻገረች። «ዓይኔ፣ በሞቴ፣ ይህን ነገር አታንሺብኝ» አላት። «በኔ በኩል ያለው ልክ ነው። በዚያ በኩል ስላለው እኔ ምን አፍ አለኝ? አሁን ተሳስመን? ሰው ምን ይለኛል? ሽማግሌ አዋርዶ ታርቆ፣ ሳምንት ሳይሞላ መልሶ አዋረደ ይለኛል።»

«እሺ፣ የግራውን እንደ ራስህ ልታደርግ አትችልም። የራስህንስ እንደ ግራው ብታደርገው?»

ደረጄ ደነገጠ። «ታዲያ እሳቸው ልክ ነበሩ ማለት አይደለም?»

መኪናዋን ባሕር ዳር ለሌላ ባለሙያ እንዳትወስዳት በዚያ ሳምንት መንገዱ ተዘግቷል። መንገድ በሚዘጋና በሚከፈትበት ዘመን ሰው ሠርጉን የሚቆርጠው በክፍቱ በኩል ነው፤ ክፍቱ ደግሞ የጉና መንገድ ነበር። ራሷ እንዳትነካው፣ «የነካ» የሚለው እሷንም ይይዛል። በመጨረሻ አባ አለሙ ዘንድ ሄዳ መስቀል ተሳልማ፣ «አባ፣ ይፍቱኝ» አለች።

«ከምን?»

ዓይናለም አፏን ከፈተች። ከምን እንደሆነ ለመናገር ነገሩን ማንሣት አለባት። አፏን ዘጋች።

«አይዞሽ» አሉ አባ አለሙ። «የተገዘተው ነገሩን ማንሣት ነው፤ መንዳት አልተገዘተም። በጸሎቴ አለሁ።»

የሠርጉ ቀን ጠዋት ወደ ላይ ስንወጣ ደህና ነበር። ዳገት ላይ መኪና ሁሉ ጨዋ ነው። ቀይዋ መኪና በሪባንና በአበባ ተሸፍና ከፊት፣ እኛ በሁለት ሚኒባስ ከኋላ። ጋሽ ስማቸው ለዓመት በዓል እንኳ የማይለብሱትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ደረጄም ለብሷል። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ድንች ዋጋ ተጫወቱ። ከፊት ስላለችው መኪና ማንም አልተነፈሰም፤ ሁሉም ግን በመስታወቱ የግራ ጎማዋን ያያል።

እዚያ በላን፣ ጠጣን፣ ተመረቅን። የመክሊት አባት ልጃቸውን ሲሰጡ፣ «አደራ፣ ዓይናለም» ብለው ሹፌሯን ስመው አለቀሱ። ለሙሽራው እንኳ ያን ያህል አላለቀሱም። ሙሽሮቹ ከኋላ፣ ሚዜው ጋቢና ገቡ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ሪባኑን እያንጫጫ፣ ጥርጊያ መንገዱን ጨርሰን አስፋልት ወጣን።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ ዓይናለም መኪናዋን ዳር አስያዘችና ሞተሯን አጠፋች።

ከኋላ ሚኒባሶቹ ቆሙ። ክላክሱ ቆመ። እልልታው ትንሽ ራሱን ችሎ ሄደና ወደቀ። እኛ ምን ሆነ ብለን ወረድን። ዓይናለም ከመኪናዋ ወጥታ አባ አለሙ ፊት ቆመች።

«አባ፣ የገዘቱትን አላነሣም።»

«የተባረክሽ ልጅ ነሽ።»

«አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ያ ሁሉ እርቅ የተፈጸመው በዚህች መኪና ነው። እንግዲያ ሙሽሮቹን የታረቁት ሰዎች ያውርዱልን፤ በረከት ነው። ጋሼ ስማቸው ይንዱ። ደረጄ በሚዜው ፋንታ ጋቢና ይቀመጥ። አንቱና ጋሽ ጥላዬም ከሙሽሮቹ ጎን ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ትገባላችሁ።»

ቁልፉን በሁለት እጇ ለጋሽ ስማቸው ዘረጋች።

ከንግግሯ ውስጥ እንቢ የሚባልበት ቦታ ፈለግን፤ አጣን።

«እኔ እንኳ» አሉ አባ አለሙ፣ «እንዲህ ዝቅ ያለ ነገር ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ አይታጠፍም።»

«ባለፈው ጊዜ ታጥፎ ነበር፣ አባ» አለች ዓይናለም በአክብሮት።

«ያኔ ጾም ነበር።»

ጋሽ ጥላዬ ወደ ገብሱ ማሳ ዞረው፣ ዘንድሮ ዝናቡ ለገብስ እንደበጀ ለማንም ሳይሆን ተናገሩ። ደረጄ፣ «ጋቢና የሚዜ ነው፤ ወግ ይፈርሳል» አለ። ሚዜው፣ «ኧረ እኔ እለቃለሁ! በደስታ!» ብሎ ወጥቶ ነበር።

ጋሽ ስማቸው ግን ኩሩ ሰው ናቸው። ቁልፉን ተቀበሉ። ሰው ሁሉ እያያቸው ኮታቸውን ሰብስበው ወደ ሹፌሩ ወንበር ዝቅ አሉ። መኪናዋ ዝቅ ያለች ናትና ወገባቸውን አጥፈው ሲገቡ ኮቱ ወገቡ ላይ ተወጠረ። አንድ ነገር ከኪሳቸው አፈትልኮ አስፋልቱ ላይ ወደቀና ጮኸ።

ኪያቤ ነበር።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አሉ አባ አለሙ፣ እያዩት።

ጋሽ ስማቸው መሪውን ይዘው ፊት ለፊት ያያሉ። ደረጄ ቶሎ ብሎ፣ ለሽማግሌ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ሲያጎነብስ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ሌላ ኪያቤ ሾልኮ ከመጀመሪያው ጎን አረፈ። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የፊት ጎማዎቹን ልክ የሚያስተካክለው ብሎን ቁጥር።

ደረጄ እንዳጎነበሰ ቀረ። አንዲት ሴት ከኋላው ሚኒባስ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳታይ፣ እልል ማለት ጀምራ ከመሃል አቋረጠች።

መክሊት በተከፈተው መስኮት ሁለቱን ኪያቤዎች አየች። ቀጥላ አባ አለሙን አየች፤ አባ አለሙ የጉናን ራስ ያዩ ነበር። የኋላውን በር ራሷ ከፈተች፣ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ አስፋልቱ ላይ ወረደች፤ ጎማዎቹ ሳይስተካከሉ አልመለስም እንዳለች ሁሉ፣ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።